ከፍራው ሂልዳ ቤት ሥር ያለፈው ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ፓስተራችን «እህት ጸዳለ፣ የፊታችን እሑድ ምስክርነት ትሰጪያለሽ» አለኝ። ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ያለችው ጉባኤያችን ትንሽ ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ቆሜ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። እግዚአብሔር ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ እንዴት እንደመራኝ፣ ልጄን እንዴት እንዳሳደገልኝ፣ የካርታ ሥራዬን በባዕድ አገር እንዴት እንደመለሰልኝ አወራሁ። ሕዝቡ እልል አለ። ወደ ወንበሬ የተመለስኩት ግን አንገቴን ደፍቼ ነው።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን ዘልያለሁ። እነዚያን ሦስት ቀናት እዚህ እጽፋቸዋለሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። ያኔ ሥራው በብዕርና በቀለም ነው። መስመር ሳይንቀጠቀጥ ለመሳብ ትንፋሽ ይያዛል፤ መስመሩ ሲያልቅ ይተነፈሳል። ወደ ጄኔቭ የመጣሁት ግን በዚህ ሙያ አይደለም። ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ አንድ የኤምባሲ ቤተሰብ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ አመጡኝ። እትዬ የምላቸው የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ነበሩ፤ ውለታቸውን አልረሳም። ሆኖም የመኖሪያ ካርዴ የተሰጠኝ በእነሱ ስም ነበር። ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ ካርዱም አበቃ። ያን ጊዜ ልጄን ሶስናን አርግዤ ነበር። ስለ አባቷ አልጽፍም።

ኦኔ በሚባል ሌላ የጄኔቭ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ክፍሏን አካፈለችኝ። ስምንተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ በእኛ ፎቅ ላይ በቆመ ቁጥር ልጄን አቅፌ ዝም እላለሁ። ማንም መጥቶ አልወሰደኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፍርሃት ግን ቤቱን ለምዶ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው።

ከዓመታት በኋላ ብዙ ሰዎች ረድተውኝ ፐርሚት የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ። በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። ለማደስ የአሠሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ሶስና ትምህርት ከመጀመሯ በፊት ወደ ዙሪክ መጣን። በአንድ አነስተኛ የቅየሳ ቢሮ ማመልከቻ አስገባሁ። የቢሮው ባለቤት ሄር ብሩነር ይባላል፤ ሄር በጀርመንኛ አቶ፣ ፍራው ደግሞ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ያለበት ሰው ነው። የምስክር ወረቀቶቼን አላነበባቸውም። አንድ ወረቀትና ብዕር ሰጠኝና የተራራ ከፍታ መስመር እንድስል ጠየቀኝ። ሳልኩ። አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ኮምፒውተር ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ኮምፒውተር ሰው ያስተምርሻል። ይህን ግን የሚያስተምር ሰው አልቀረም። ሰኞ ነዪ።»

የሙያ አባቴ እርሱ ነው። ካርታ ከማንሳቱ በፊት አንድን ቦታ ሦስት ጊዜ በእግሩ ይዞራል። መጀመሪያ መሣሪያ ሳይዝ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከአገሩ ሽማግሌ ጋር፣ መጨረሻ ላይ በዝናብ። ዝናብ እስኪመጣ ሥራ ያዘገያል፤ ደንበኞች ይቆጣሉ፤ እርሱ ፖም በሰንጢ እየላጠ ሰማይ ያያል። በሚሄድበት ሁሉ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል፤ ጆሮውንም ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከሥሩ ባዶ የሆነ መሬት ድምፁ ይለያል። እኔም ቀስ በቀስ ለየሁት።

ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው አንድ ሥርዓት ነበረው። የውሃ ካርታ ስንሠራ በእያንዳንዱ ቤት ላይ ትንሽ ክብ እናደርጋለን። ኬለር የሚሉትን፣ ከቤቱ ሥር ያለውን ክፍል ወርደን በዓይናችን ካየነውና ደረቅ ከሆነ ክቡ በሰማያዊ ቀለም ይሞላል። ካላየነው ባዶ ይቀራል። ባለቤቱ «ደረቅ ነው» ብሎ ቢምልም ባዶ ነው።

«ፍራው ጸዳለ፣ ባዶ ክብ አያሳፍርም» ይለኝ ነበር። «ባዶ ክብ ያየ ሰው ይጠነቀቃል።»

በቢሮው ስድስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ሥራ መጣ። ራይን ወንዝን ተሻግሮ ጀርመን ውስጥ፣ ጥቁር ደን ከሚሉት ተራራ ግርጌ፣ አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ስሟን አልጽፍም፤ የማወሳቸው ሰዎች ዘመዶቻቸው አሉ። የመንደሯ ጅረት ድንበሩን አልፎ ወደ ስዊስ በኩል ስለሚፈስ ሥራው ለእኛ ተሰጠ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በየት እንደሚወርድና የትኞቹ ቤቶች እንደሚያሰጋቸው የሚያሳይ ካርታ ነበር የፈለጉት። የመንደሩ የእሳት አደጋ ጓድ ዝናብ ሲበረታ ካርታውን አይቶ ለሚያሰጋቸው ቤቶች ስልክ ይደውላል።

መንደሯ አርባ የማይሞሉ ቤቶች አሏት። ሸለቆው ጠባብ ነው። ከላይ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን፣ ከደኑ በታች የከብት መስክ፣ ከመስኩ በታች የቼሪ ዛፎች። ሦስት ምንጮች ደኑ ጠርዝ ላይ ተገናኝተው ጅረት ይሆናሉ። ጅረቱ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበትን ዐለት ሲደርስ በስተግራ ይታጠፋል፤ ብቸኛው መንገድም አብሮት ይታጠፋል። ጥንታውያኑ ቤቶች ሰፋፊ ናቸው። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩባቸው ነበር። ሁሉም የተሠሩት ከመንገዱ በላይ ነው። ከመንገዱ በታች ያሉት ትናንሽና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው።

ያዞረን ሽማግሌ ሄር አንቶን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ነው።

«ስዊሶች የእኛን ጭቃ ሊለኩ መጡ?» አለ ገና ሳያስገባን።

«ጭቃችሁ ወደ እኛ ስለሚወርድ ነው» አለው ሄር ብሩነር።

አንቶን ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አፉ ተፈታ። መንደሩ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደተቃጠለ፣ ወረርሽኝ እንደጨረሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዐለት ላይ የተሠራው ለምን እንደሆነ፣ በጦርነቱ ስንት ወንዶች ሄደው እንዳልተመለሱ ተረከልን። የተመለሱት ስማቸው የለም፤ ያልተመለሱት ግን ስማቸው በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። በድሮ ጊዜ የውሃ ወፍጮ እንደነበረም ነገረን፤ ቦታው የት እንደሆነ ሲጠየቅ እጁን ወደ ሜዳው አወዛወዘ።

«ከመንገዱ በታችስ?» አለ ሄር ብሩነር።

«እዚያ ምንም የለም። የመጤዎቹ ቤቶች ናቸው።»

ከጦርነቱ በኋላ ከምሥራቅ ተባረው የመጡ ጀርመኖች ናቸው። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ እነሱም ክርስቲያኖች ናቸው። ቢሆንም ስልሳ ዓመት አልፎ አሁንም መጤዎቹ ይባሉ ነበር።

ፍራው ሂልዳ ከእነርሱ አንዷ ናት። በአምስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር በጋሪ መጥታ፣ በዚያው ቤት አድጋ፣ በዚያው ባሏን ቀብራ ብቻዋን ትኖራለች። ሄር ብሩነርን ወገቡን ይዞት ስለነበር ኬለሮቹን ለማየት የሄድኩት እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ያን ቀን ቤቷ ስደርስ ጠረጴዛ ላይ የፖም ኬክ ቆርሳ ጠበቀችኝ። በላሁ። አመሰገንኩ።

«ኬለሩን ላየው እችላለሁ?»

«ኬለሩ ንጹሕ ነው።»

«ውሃ ገብቶ ያውቃል?»

እጇን የኬለሩ በር እጀታ ላይ አሳርፋ ቆመች። «ይህን መሬት በነጻ ነው የሰጡን» አለች። «እናቴ በተሰጠን ነገር አታጉረምርሙ ትለን ነበር።»

ይህ ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም። እኔ ግን ገባኝ። ሰው ካስጠጋህ ጣሪያው ያፈሳል ብለህ አታወራም። ኦኔ ውስጥ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። አንዲት አሮጊት በራፏ ላይ ቆማ «ንጹሕ ነው» ካለች፣ ደግሜ አስከፍቼ መውረድ እርሷን ውሸታም ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በበሩ ሥር የሚወጣ እርጥብ ቅዝቃዜ ቁርጭምጭሚቴን እየነካኝ ነበር። ተሰምቶኛል። እንዳልተሰማኝ ሆንኩ።

በነጋታው ቢሮ ተቀምጬ የፍራው ሂልዳን ቤት ክብ በሰማያዊ ሞላሁት።

ካርታው ተጠናቆ ሄደ። በመንደሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅደር ዘግይቶ የተገኘ አሮጌ ካርታ በፖስታ መጣልን። ሄር ብሩነር ውጭ ነበር። ጥቅሉን ፈታሁት። ቡናማ ቀለም፣ የሚያምር የእጅ ሥራ። ወፍጮው አለ። ውሃውን ከጅረቱ ጠልፎ ወደ ወፍጮው የሚወስደው ቦይም አለ። ቦዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐለት በላይ ይነሳል፤ መንገዱን በሥሩ ያቋርጣል፤ በመጤዎቹ መሬት ያልፋል። በላዩ ላይ በድንጋይ መሸፈኑ ጭምር ተስሏል። ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ገልብጬ የእኛ ካርታ ላይ አስተኛሁት። መስመሩ እኔ በሞላሁት ሰማያዊ ክብ መሃል ለመሃል ሄደ።

ወረቀቱን አንስቼ እንደገና አስተኛሁት። ያው ነው።

ጅረቱ ሲሞላ ውሃው የድሮ መንገዱን እንደሚይዝ ማንኛውም ቀያሽ ያውቃል። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው። ነገር ግን የፐርሚቴ ማደሻ ደብዳቤ ሄር ብሩነር ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰኞ ሊፈርመው ነው። ሳያይ አየሁ ላለ ሠራተኛ ማን ይፈርምለታል? ካልፈረመ ፐርሚት የለም፤ ፐርሚት ከሌለ ሶስናን ይዤ ወዴት ነው? ሰኞ ከፈረመ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። አሮጌውን ካርታ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ሥራ ገባሁ። ሄር ብሩነር «ከማኅደሩ ነገር መጣ?» ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። አልጠየቀኝም። አመሻሹ ላይ ደመናው ከምዕራብ መጣ።

ቅዳሜ ዘነበ። ለመጸለይ ተንበርክኬ ሳልጸልይ ተነሳሁ። ሶስና ያኔ አሥር ዓመቷ ነው።

«እማዬ፣ ቢሮ ተቆጡሽ?»

«አልተቆጡኝም።»

«ዶህ! ፊትሽ እንደዛ ነው።» ዶህ በጀርመንኛ «እንዴታ፣ ተቆጥተውሻል» እንደ ማለት ነው። «ሶሪ ብትያቸውስ?»

«በይ፣ ሾርባሽን ጠጪ።»

እሑድ ጉባኤ ሄድን። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዝናቡ ስለበረታ የፓስተሩ ድምፅ አይሰማም ነበር፤ ሰዉ እየሳቀ ወደ ፊት ወንበሮች ተጠጋ። እኔ ከዚያ ጩኸት ውስጥ የምሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። በመዝሙር መሃል ተነስቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ ለፍራው ሂልዳ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ከዚያ ለሄር ብሩነር ደወልኩ።

«የታችኛው ቤት ኬለር» አልኩት። «ሳላየው ነው የሞላሁት። የድሮው የወፍጮ ቦይ በሥሩ ያልፋል።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

እንዲህ አልኩ። በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ።

ስልኩን ዘግቶ ለእሳት አደጋው ደወለ፤ ከዚያ መኪናውን ይዞ መጣልኝ። ሶስናን ለእህቶች አደራ ሰጥቼ ሄድን። ሌላ ጊዜ ድንበሩን ስንሻገር ፐርሚቴን በእጄ ጨብጬ ነው። ያን ቀን ድንበሩን መቼ እንዳለፍን አላውቅም። ሄር ብሩነር ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

ስንደርስ የእሳት አደጋ ሰዎቹ ቀድመውናል። እስኪደወልላቸው ድረስ ከመንገዱ በላይ፣ ባዶ ክብ ባላቸው ቤቶች ዘንድ ነበሩ። ከእነርሱ ለፍራው ሂልዳ ማንም አልደወለም፤ ካርታው ላይ ቤቷ ደረቅ ነው። የኬለሩን ግድግዳ ውሃው ገፍቶ ጥሎታል። እርሷ ድንቿን ልታወጣ ወርዳ ነበር። መደርደሪያው እግሯ ላይ ወድቆ፣ ውሃው ደረቷ ደርሶ፣ የደረጃውን ብረት አቅፋ አገኟት። እኛ ስንደርስ በቃሬዛ ላይ ነበረች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። በሕይወት አለች። «ጌታ ሆይ» አልኩ።

ስታየኝ እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣች።

«ይቅር በይኝ» አለችኝ። «ማሳየት ነበረብኝ። በየዓመቱ ይረጥባል። አፈርኩ።»

እርሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ እጇን ይዤ ዝም አልኩ።

ሰኞ ሄር ብሩነር ደብዳቤዬን ፈረመ። ገፋ አድርጎ ሰጠኝ። ከዚያ «ካርታውን አንቺ ታርሚዋለሽ» አለ። «ስትጨርሺም ለመንደሩ አንቺው ታስረጂያለሽ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

በመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ቆምኩ። ሰው ሞልቷል። ፍራው ሂልዳ ሆስፒታል ነበረች፤ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በእግሯ አልሄደችም። ድምፄ እየተቆራረጠ «ይህን ቤት ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ምልክት አድርጌአለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። የምጠብቀው ስድብ ነበር። ስለ ቆዳዬ፣ ስለ አገሬ፣ ስለ መጣሁበት። የተነሳው ሄር አንቶን ነው። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ነበር።

«ቦዩን አባቴ ያውቀዋል» አለ። «ለመጤዎቹ ያንን መሬት ሲሰጧቸው እኔ ልጅ ነበርኩ። እኛ ቤት የማንሠራበት መሬት ነው ተብሎ ነው የተሰጣቸው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህችን ሴት አትዩ።»

ተቀመጠ። አንድም ሰው አልካደም። ሄር ብሩነር ከኋላ ወለሉን እያየ ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሠራሁ። ኬለር ሳላይ ከቤት አልወጣሁም፤ አሮጊቶች ተቆጥተውኛል፤ አንዱ ውሻ ለቆብኛል። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ «ፍራው ባዶ ክብ» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ዛሬ መሬቱን ከሰማይ በድሮን ይለኩታል፤ ፈጣን ነው፤ አደንቃለሁ። ኬለር ግን ከሰማይ አይታይም። ፐርሚቴም በየዓመቱ መታደስ የማያስፈልገው ዓይነት ሆነ። ሶስና ዛሬ የራሷ ሙያ አላት። ሄር ብሩነር ከአራት ዓመት በፊት አረፈ። «ዛሬ ጠዋት» ያልኩትን አምኖ ነው የሄደው። ወይም ሳያምን። አላውቅም።

ፍራው ሂልዳ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ቤቱ ፈረሰ። በአቅራቢያው ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው ያለችው። ሐሙስ ሐሙስ እጠይቃታለሁ። እኔ የምትቀመጥበትን ባለጎማ ጋሪ እገፋለሁ፤ እርሷ ነርሶቹን ታማልኛለች። ልጆች የሏትም። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃት «የእኔ ሐበሻ ናት» ትላለች።

ከምስክርነቱ በኋላ ባለው ሐሙስ ሄድኩ። ጋሪዋን ከመስኮቱ አጠገብ አቁሜ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ቦዩን ያየሁት ጎርፉ በመጣበት ሳምንት ሐሙስ እንደነበረ ነገርኳት። ካርታውን መሳቢያ ውስጥ እንደደበቅኩት ነገርኳት። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ሶስና ነገርኳት፤ ከዚያ ሰበብ እንደሆነብኝ ተሰማኝና ተውኩት።

ዓይኗን ከደነች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

«ሐሙስ አውቀሽ ነበር?»

«ሐሙስ።»

«ድንቹን ኬለር ያስገባሁት ዓርብ ነው» አለች።

ጋሪዋን በራሷ እጅ ወደ ግድግዳው አዞረች። ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ነርሷ በሩ ላይ «ዛሬ እንግዳ አልፈልግም ብላለች» አለችኝ። ከዚያ በሚቀጥለውም እንደዚሁ። ፈራሁ። ዕድሜዋ ሰማንያ አልፏል። እንዲህ እንደሆንን ብትሞትብኝስ? ነገር ግን ባልነግራት ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ መጸለይ አልቻልኩም። የጸለይኩት በሩን እንዳልተው ብቻ ነው። ይቅርታ ይገባኛል ብዬ አይደለም።

በሦስተኛው ሐሙስ ነርሷ አልነበረችም። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ገፋ አድርጌ ቆምኩ። ፍራው ሂልዳ መስኮቱ ጋ ናት። አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«ተቀመጪ» አለች በመጨረሻ። «አትናገሪ።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። አልተናገርኩም።